ዱባይ ከነዳጁ በፊት

አዲስ ሰው ዱባይ ሲገባ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፤ አይፈረድበትም። ታሪኳን የፈለገ ግን ወደ ውኃው ይውረድ። በዴይራና በቡር ዱባይ ሰፈሮች መካከል ተጠማዞ ወደ መሬት የሚገባ የባሕር ክንድ አለ። ዓረቦቹ ኾር ይሉታል፣ ሌላው ሰው ክሪክ። አብራ በምትባል የእንጨት ጀልባ 1 ድርሃም ከፍሎ መሻገር ይቻላል። ከተማዋን የወለዳት ይህ ውኃ ነው።

«ነዳጅ ነው ያበለጸጋት» ሲባል ትሰማላችሁ። ነዳጁ የተገኘው ግን በ1966 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዱባይ ከነጋዴነት አልፋ ነጋዴ ጠሪ ሆና ነበር።

በ1833 ከበኒ ያስ ጎሳ የሆኑ 800 ያህል ሰዎች ከአቡ ዳቢ ተጣልተው ወጡና ክሪኩ አፍ ላይ ሰፈሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ መክቱም ቢን ቡጢ ነበር። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይገዛል። ቦታው ከዚያ በፊትም ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረበት።

መተዳደሪያው ሉል ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በቆንጣጭ ይይዛል፣ ጣቶቹን በቆዳ ይሸፍናል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ገመዱን ይነቀንቃል፤ ጀልባ ላይ ያለው ጎታች ያወጣዋል። ይህን በቀን ደጋግሞ፣ በጋውን ሙሉ። ሥራው የሚጀመረው ከጀልባው አለቃ በተወሰደ ብድር ስለሆነ ብዙ ጠላቂ ዕድሜውን ሙሉ ከዕዳ አይወጣም ነበር። እዚህ ላይ ለደላላ ተበድረው ባሕር የተሻገሩ የሀገሬ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ትልቁ ውሳኔ የመጣው በ1894 ነው። የዱባይ ገዥ ለውጭ ነጋዴዎች ቀረጥ አነሣ። ብዙም ሳይቆይ ማዶ ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) ወደቦቿ ላይ ጉምሩክ አጠበቀች። የፋርሷ ወደብ የሊንጋህ ነጋዴዎች ሒሳቡን ሠሩና ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ዱባይ ተሻገሩ። ባስታኪያ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ባስታክ ከተባለችው የፋርስ ከተማ ነው። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይና ከጀሶ የተሠሩ ናቸው። ጣሪያቸው ላይ በአራቱም ጎን የተከፈተ ግንብ አለ። ነፋሱን ጠልፎ ወደ ክፍሉ ያወርደዋል፤ የኤሲ አያት በሉት።

በ1930ዎቹ ሉሉ ወደቀ። የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ፣ ጃፓኖች እንደ ሰብል ያረቡት ሉልም ገበያውን አጥለቀለቀ። ሌላ ቦታ ቢሆን ከተማዋ ባዶ ትቀር ነበር። ዱባይ ግን ንግዷ ላይ ጸናች፣ በኋላም ወደ ወርቅ ዞረች። ሕንድ ወርቅ ማስገባት ከልክላ ስለነበር ወርቁ ዱባይ ይገዛና በጀልባ ወደዚያ ይጫናል። ከዱባይ ሲወጣ ሕጋዊ፣ ሕንድ ሲደርስ ኮንትሮባንድ። ያኔ የዱባይ ሰው የሚገበያየውም በሩፒ ነበር፤ ድርሃም የመጣው በ1973 ነው።

በ1958 ሥልጣን የያዙት ሼኽ ራሺድ ቢን ሰዒድ አንድ ችግር ፊታቸው ተደቅኖ ነበር። ክሪኩ በአሸዋ እየተሞላ መርከብ አላስገባ አለ። ጎረቤቷ ሻርጃ በዚሁ ችግር ገበያዋ ሲርቃት አይተዋል። እሳቸው ከኩዌት ተበድረው ማስቆፈር ያዙ። የነዳጅ ጠብታ ሳይታይ! ውኃው ጠለቀ፣ መርከቡ ገባ፣ ነጋዴውም ተከተለ።

የነዳጁ ሽያጭ በ1969 ሲጀመር ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግልጽ ነበር። ዱባይ በ1971 መጨረሻ ከሌሎች ኤሚሬቶች ጋር አንድ ሀገር ሆነች። በ1972 ራሺድ ወደብ ተከፈተ፣ በ1979 ጀበል ዓሊ። በ1985 እዚያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተቋቋመ። የውጭ ኩባንያ ያለ ዜጋ ሸሪክ መቶ በመቶ ባለቤት ይሆናል ማለት ነው፤ የ1894ቱ ብልሃት በአዲስ ልብስ። ኤሚሬትስ አየር መንገድም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት፣ ከፓኪስታን በተከራያቸው አውሮፕላኖች ነበር።

የቀረውን ከፎቶ ታውቁታላችሁ። በ2002 የውጭ ሰው ቤት እንዲገዛ ተፈቀደ፤ ከተማዋ የክሬን ጫካ ሆነች። በ2009 ዕዳው ፈነዳና አቡ ዳቢ ደረሰችላት። «ቡርጅ ዱባይ» ሲባል የከረመው ሕንፃ በጥር 2010 ሲመረቅ የያኔውን የአቡ ዳቢ ገዥ የሼኽ ኸሊፋን ስም ይዞ ወጣ።

ዛሬ ከነዋሪው አብዛኛው የውጭ ሰው ነው። ግን እንግድነቱ አያልቅም። መኖሪያ ፈቃዱ ባብዛኛው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፣ ዜግነት ደግሞ የህልም እንጀራ። የእኛም ሰው አለ፦ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ሱቅ የሚያሻሽጡ፣ ባዶ ሻንጣ ይዘው መጥተው በኪሎ እየመዘኑ የሚመለሱ ነጋዴዎች። ዴይራ ውስጥ አማርኛ ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እዚያው ዴይራ የክሪኩን ዳር ይዛችሁ ብትሄዱ የእንጨት ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ታስረው ታያላችሁ። ወደ ኢራንና ሶማሊያ ነው የሚጭኑት። ፍሪጅ፣ ጎማ፣ የሩዝ ጆንያ እግረኛው መንገድ ላይ ተከምሯል። ጫኞቹ በአንድ ቀጭን ሳንቃ ላይ ዕቃውን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ።