የትናንሽ ሞተር ጀልባዎች የጉዞ መብራት፦ የትኛው ይመረጥ? የት ይገጠም?

ማታ ውሃ ላይ ጀልባው ራሱ አይታይም። የሚታየው መብራቱ ነው። የጉዞ መብራት ደግሞ እንደ መኪና የፊት መብራት መንገድ ለማሳየት የተሠራ አይደለም። ሥራው ከሩቅ ለሚመጣ ሰው እዚህ እንዳላችሁና ፊታችሁ ወዴት እንደሆነ መንገር ነው። ስለዚህ ከድምቀቱ ይልቅ ቀለሙና የሚታይበት አቅጣጫ ይበልጣል። መብራት ሊገዛ የወጣ ሰው ግን ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ድምቀቱ ነው።

ሕጉ ያለው በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ በ1977 ሥራ ላይ ዋለ። መብራቶቹ ፀሐይ ከጠለቀችበት እስክትወጣ ድረስ ይበራሉ። ጭጋግ ወይም ከባድ ዝናብ እይታን ሲጋርድ ቀንም ቢሆን ማብራት ግድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀኝ አረንጓዴ፣ በግራ ቀይ። እያንዳንዳቸው ከቀጥታ ፊት ተነስተው በየጎናቸው 112.5 ዲግሪ ይሸፍናሉ፤ ማለትም የጀልባውን ጎን አልፈው ትንሽ ወደ ኋላም ይታያሉ። ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ነጭ መብራት የሁለቱን ድምር፣ 225 ዲግሪ ይይዛል። የቀረው 135 ዲግሪ የኋላው ነጭ መብራት ድርሻ ነው። ሲደመር ዙሪያው 360 ዲግሪ ይሞላል።

ይህ ሁሉ ቁጥር ለምን አስፈለገ? ሌላው ሰው ካየው ቀለም ተነስቶ የሚወስን ስለሆነ ነው። ከቀኛችሁ የሚያቋርጥ ሞተር ጀልባ ቀይ መብራቱን ካሳያችሁ መንገድ መልቀቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ከግራችሁ የሚያቋርጥ አረንጓዴ ከሆነ የሚለቀው እሱ ነው። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ከታዩ ፊት ለፊት እየመጣባችሁ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ትዞራላችሁ። ነጭ ብቻ ከሆነ ወይ ጀርባውን እያያችሁ ነው፣ ወይ መልህቅ ጥሎ ቆሟል፣ ወይ ደግሞ ነጭ ብቻ እንዲያበራ የተፈቀደለት ትንሽ ጀልባ ነው። እንግዲህ መብራቱ በትንሹ ተጣሞ ከተገጠመ ሌላው ሰው የተሳሳተ መልእክት ይደርሰዋል፣ በዚያም ላይ ተመሥርቶ መሪውን ያዞራል።

ለትናንሾቹ ደንቡ ቀለል ይላል። ከ12 ሜትር የሚያጥር ሞተር ጀልባ የላይኛውንና የኋላውን ነጭ በአንድ ዙሪያውን በሚታይ ነጭ መብራት መተካት ይችላል። ከ7 ሜትር የሚያጥርና ፍጥነቱ ከ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) የማያልፍ ከሆነ ያ ነጭ ብቻውን ይበቃዋል፤ የጎኖቹ የሚጨመሩት ከተቻለ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ባትሪ ካለ ከመግጠም የሚያግድ ነገር የለም፣ ግጠሙት።

ሲገዛ ማሸጊያው ላይ የሚፈለገው የዋት ቁጥር ሳይሆን መብራቱ በስንት ኖቲካል ማይል እንደሚታይ የሚገልጸው ነው። ከ12 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ የጎን መብራት ቢያንስ 1 ኖቲካል ማይል፣ ነጮቹ 2። 1 ኖቲካል ማይል 1852 ሜትር ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አይደለም። እያንዳንዳቸው በ20 ኖት ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጀልባዎች ያንን ርቀት በአንድ ደቂቃ ተኩል ይጨርሱታል።

ኤልኢዲ ባትሪ ስለሚቆጥብ አሁን የሁሉም ምርጫ ሆኗል፣ ትክክልም ነው። ችግር የሚመጣው በአሮጌው መብራት ውስጥ አምፖሉን ብቻ ነቅሎ ነጭ ኤልኢዲ ሲከቱበት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ቀይ ብርሃን ስለሚያንሰው በቀዩ መስታወት በኩል ደብዝዞ ይወጣል፣ አረንጓዴውም ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። የማዕዘኑ ልክም ቢሆን የተሠራው ለድሮው አምፖል ነው። ሙሉውን መብራት መቀየር ይሻላል። ርካሽ ኤልኢዲ የሬዲዮ ግንኙነትንም ይረብሻል፤ አብርቶ ሬዲዮው ይንጫጫ እንደሆነ መስማት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቦታው። ዙሪያውን የሚታየው ነጭ ከጎን መብራቶቹ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አጭር ዘንግ ላይ ኋላ ከተተከለ ግን የተሳፋሪ ጭንቅላት፣ የፀሐይ መከላከያው ጣሪያ፣ ወይም ወደ ላይ የተነሳው ሞተር ይጋርደዋል። ሰው ተቀምጦም ቆሞም አናቱን ማለፍ አለበት። በዚያ ላይ ብርሃኑ የነጂው ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ወደ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል፣ አንድ ነጸብራቅ ግን ወዲያው ያጠፋዋል። ከመብራቱ ሥር ትንሽ ሰሃን ማድረግ፣ የሚያንጸባርቀውንም ወለል ጥቁር መቀባት ይረዳል።

የጎን መብራቶች ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጀልባው አካል ላይ ሲለጥፋቸው ነው። ጀልባ ወደ አፍንጫው እየጠበበ ይሄዳል። ለቀጥ ያለ ጎን የተሠራ መብራት እዚያ ጥምዝ ላይ ከተለጠፈ ወደ ፊት ይዞራል፤ አረንጓዴው በግራ በኩል ላለ ሰው ይታያል፣ ከኋላ ደግሞ ይጎድላል። ከሥሩ ሽብልቅ አድርጎ ማቃናት ይቻላል። ለትንሽ ጀልባ ቀላሉ መፍትሔ ሁለቱም ቀለም በአንድ ቤት ያለበትን ወስዶ መሐል አፍንጫው ላይ መግጠም ነው። ታዲያ ጀልባው ሲፈጥን አፍንጫው ይነሳል፤ መብራቱም ወደ ሰማይ እንዳያይ ደልደል ባለ ቦታ፣ ውሃው ላይ ሲሮጥ በሚይዘው አቋም ተለክቶ ይገጠም።

ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ቢሆን ዝገትን ይቋቋማል፤ ቀጭን ከሆነ ግን ቮልቴጁ መንገድ ላይ ወርዶ መብራቱ ይደክማል። ማብሪያው ሁለት ደረጃ ይኑረው፤ አንዱ ለጉዞ ሁሉንም የሚያበራ፣ ሌላው መልህቅ ሲጣል ነጩን ብቻ የሚያስቀር። ቆሞ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ጀልባ እየሄደ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለጌጥ የሚለጠፉት ባለ ቀለም መብራቶችና ፓውዛዎችም በጉዞ ላይ ይጥፉ፤ ከጉዞ መብራት ጋር የሚምታታን ወይም የሚጋርደውን ነገር ደንቡ ይከለክላል።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ጀልባውን መሬት ላይ እንዳለ አብሩትና በጨለማ ከራቅ ብላችሁ ዙሩት። ከፊት መሐል ላይ ሁለቱም ቀለሞች መታየት አለባቸው። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ አንዱ ይጥፋ። ካልጠፋ ብሎኑን ፈታ አድርጋችሁ እንደገና አቃኑት።