ግብረ ገብ በመንግስት ትምህርት ቤት፣ ከጃንሆይ እስከ አዲሱ ካሪኩለም

ግብረ ገብ በትምህርት ቤት ስለ መልካም ጸባይ፣ ስለ ታማኝነት፣ ታላቅን ስለማክበር ምናምን የሚሰጠው ትምህርት ነው። እኛ አገር መንግስት በተቀየረ ቁጥር አብረው ከሚቀየሩት ትምህርቶች ዋናው እሱ ነው፣ ሂሳብ እንኳን እንደሱ አልተንገላታም።

በጃንሆይ ጊዜ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ነበረው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ለንጉስና ለአገር ታማኝ መሆን፣ ወላጅን መታዘዝ ነበር የሚያስተምሩት። መሰረቱ የኦርቶዶክስ ትምህርት ስለነበር ሙስሊሙ ተማሪ የራሱን ነገር ብዙም አያገኝበትም ነበር፣ ዛሬ "የድሮ ግብረ ገብ ይመለስልን" የሚሉ ሰዎች ይቺን ነገር ዘለል ያደርጓታል። በ1966 አብዮቱ መጣና እሱ ቀረ፣ በቦታው ደርግ የፖለቲካ ትምህርት፣ ማለትም ማርክሲዝም ሌኒኒዝም አስገባ።

ኢህአዴግ ሲመጣ ደሞ ያ ወጥቶ ስነ ዜጋ ገባ፣ በኋላ "ስነ ዜጋና ስነ ምግባር" ተባለ፣ ተማሪው ግን ሲቪክስ ነበር የሚለው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽእኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት አለበት ስለሚል ስነ ምግባሩን በ11 እሴቶች ነው ያዋቀሩት፣ ዲሞክራሲያዊ ስርአት፣ የህግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትህ፣ አገር መውደድ፣ ሃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ የማህበረሰብ ተሳትፎ፣ እውቀትን መሻት። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መጽሃፉን ብትገልጡት እነዚሁ 11 ምእራፎች ነበሩ በየአመቱ የሚመጡት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ስለዚህ ልጁ ኢንደስትሪየስነስ (ታታሪነት ማለት ነው) ምን እንደሆነ ሳይገባው ትርጉሙን ቃል በቃል ሸምድዶ ፈተና ላይ ይገለብጠው ነበር። ጥያቄውም "ጉቦ የተጠየቀ ዜጋ ምን ማድረግ አለበት" አይነት ስለሚሆን መልሱ ሳያጠኑም ይታወቅ ነበር፣ እሱንም እኮ ከጎረቤቱ የሚኮርጅ ነበር። የገዢው ፓርቲ ፕሮፓጋንዳ ነው የሚል ወቀሳም ሳይለየው ነው የኖረው፣ በከፊል እውነት ይመስለኛል።

ኩረጃው ደሞ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትና ኩረጃ ለማስቀረት ተብሎ ተማሪው በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን ተደረገ፣ ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ። እነዚህ ልጆች ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ስነ ምግባር የሚባል ትምህርት ሲማሩ የነበሩ ናቸው።

የትምህርት ፍኖተ ካርታው፣ ማለትም የትምህርት ስርአቱን ለማሻሻል የተዘጋጀው እቅድ፣ ከወጣ በኋላ በተሰራው ካሪኩለም ግብረ ገብ በስሙ ተመልሷል፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ፣ ከ7ኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት። ዩኒቨርሲቲ የሚገባም ፍሬሽማን ላይ ሞራልና ዜግነት የሚል ኮርስ አለበት። ለትንንሾቹ በተረትና በጨዋታ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ክፍሉ ውስጥ 70 ልጅ ካለ ምን አይነት ጨዋታ እንደሚሆን እንጃ።

ከክፍለ ጊዜው ውጪ ያለውም ቀላል አይደለም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ይወጣል መዝሙር ይዘመራል፣ በእረፍት ሰአት ሚኒ ሚዲያው ምክር ያነባል፣ የስነ ምግባርና ጸረ ሙስና ክበብም አለ። መምህሩ ሲወጣ ሞኒተሩ ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም ይጽፋል፣ ጓደኛውን ይዘላል፣ የተጣላውን ሁለቴ ይጽፋል፣ መምህሩ ተመልሶ ስም የተጻፈበትን ያንበረክካል፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ህጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ቢልም ማለት ነው። ልጆቹ ስለ ፍትህ ከመጽሃፉ ይልቅ እዚች ጋር ይማራሉ ባይ ነኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ካርዱ ላይ ከትምህርቶቹ ውጤት ሌላ ጸባይ የምትል መስመር አለች፣ እሷን የሚሞላው የክፍል ሃላፊው መምህር ነው፣ ካልተደባደብክና ብዙ ካልቀረህ ኤ ነው።