«ያድግበታል» ለሄልሜት አይሠራም

ለልጅ ጫማ ስንገዛ አንድ ቁጥር እንጨምራለን። ዩኒፎርም ስናሰፋም ለከርሞ የሚፈታ እጥፋት እናስተርፋለን። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ያስኬዳል። በአዲስ አበባ የሳይክል መንገድ ከተሠራ ወዲህ ግን ይኼው ልማድ ሄልሜት ግዢ ላይም ሲመጣ እያየሁ ነው፤ ያሳስበኛልም።

«ሰፋ ያለ ይሁን፣ ያድግበታል።» ሰፊ ሄልሜት ልጁ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ላይ አይቆይም። ወይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባሩን ያጋልጠዋል፣ ወይ ዓይኑ ላይ ይደፋል። ስለዚህ በዕድሜ ሳይሆን በራሱ ዙሪያ ልክ ግዙ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙና ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮዎቹ በላይ አሳልፋችሁ አዙሩት። ሜትር ከሌለ በክር ለክታችሁ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። 51 ሴንቲ ሜትር ከመጣ፣ ከ48 እስከ 54 የሚል ሄልሜት ይሆነዋል። ማደጊያውም እዚያው ውስጥ አለ፤ ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ እያላላችሁለት ትሄዳላችሁ።

ጸጉርም ልኩን ይለውጠዋል። ልጅቷ ሹሩባ ተሠርታ የሆናት ሄልሜት፣ ሹሩባው ሲፈታ ልክ ላይሆን ይችላል። አናት ላይ የታሰረ ጸጉር ደግሞ ሄልሜቱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ለሳይክል ሲወጣ ወደ ማጅራት ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይሻላል።

«ግንባሩ ቢታይ ያምርበታል» የሚሉም አሉ። አያምርም፤ አደጋ ነው። ወደ ፊት የወደቀ ልጅ ግንባሩን ሊመታ ይችላል። የሄልሜቱ ጠርዝ ከቅንድብ በላይ ከሁለት ጣት መብለጥ የለበትም።

«ማሰሪያው ላላ ቢል ምን አለበት? ልጁን ያንቀዋል።» ያልጠበቀ ማሰሪያ የሌለ ያህል ነው። ሁለቱ ቀጭን ማሰሪያዎች ከጆሮው ፊትና ኋላ ወርደው ልክ ከጆሮው ሥር ይገናኙ። አገጩ ሥር ከአንድ ጣት፣ ቢበዛ ከሁለት በላይ አይግባ። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ባለሱቁ ቢቸኩልም፣ ልጁን «በደንብ አዛጋ» በሉት። አፉን ሲከፍት ሄልሜቱ አናቱን ወደ ታች ጫን ካላደረገው ማሰሪያው ገና ላላ ነው። ከፊት በመዳፋችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ ግንባሩ ከተገለጠም እንደገና አስተካክሉ። ስትቆልፉ ጣታችሁን በመቆለፊያውና በአገጩ መሃል አድርጉ። አንዴ ቆዳው የተቆነጠጠ ልጅ ሁለተኛ ሄልሜት አያስጠጋም።

«ወድቆበት ነበር፣ ግን አልተሰነጠቀም።» ውስጡ ያለው ፎም ምቱን የሚውጠው ራሱ እየተጨፈለቀ ነው። የተጨፈለቀው ተመልሶ አይነፋም፤ ጉዳቱ ደግሞ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ጭንቅላቱ ላይ ሆኖ መሬት የመታ ሄልሜት ይቀየር። ዘመድ ከውጭ ያገለገለ ሄልሜት ሲልክላችሁ አመስግኑ፣ ግን «ተወድቆበት ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልታወቀ ለልጅ ባይደረግ ይሻላል።

ስለ ዋጋው ብዙ አትጨነቁ። የአሜሪካው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን፣ ሲፒኤስሲ (CPSC)፣ ወይም የአውሮፓው የሄልሜት ደረጃ፣ ኢኤን 1078 (EN 1078)፣ ምልክት ውስጡ ላይ መኖሩን እዩ። ለአሜሪካ ገበያ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራ የሳይክል ሄልሜት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ ከ2 ሜትር ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተጥሎ የሚፈተንበትን መስፈርት ማሟላት አለበት። የአባት የሞተር ሄልሜት ግን ለልጅ አንገት ይከብዳል፤ በልኩም አልተሠራም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ «አድርጎት ይዋል፣ እንደውም ይጠብቀዋል» የሚለው ነው። ከሳይክል ወርዶ ዛፍ ላይ ሲወጣ ወይም ሸርተቴ ሲጫወት ሄልሜቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ያኔ ሰውነቱ ወደ ታች ሲወርድ ማሰሪያው አንገቱን ያንቃል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ሳይክሉን ሲያቆም መጀመሪያ ሄልሜቱን ያውልቅ፣ ከዚያ ይሩጥ።