የደም ካንሰር ታካሚን የሕይወት ጥራት መለካት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ድረስ ለክትትል የሚመላለስ የሉኬሚያ፣ የሊምፎማ ወይም የማይሎማ (ሦስቱም የደም ካንሰር ዓይነቶች ናቸው) ታካሚ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ኑሮው ግን በግምት ይታለፋል። ኑሮውን ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት ሲ30 የሚባለው የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ባለ 30 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ በአማርኛም አለ።

«ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው»

«እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ማለት የሰላምታ መልስ ነው። መጠይቁ ወደ ተግባር ይወርዳል፦ ከባድ ዕቃ መሸከም ያስቸግርዎታል? ረጅም መንገድ መሄድስ? ቀን ቀን አልጋ ላይ ይውላሉ? ማንበብ ለማይችል ታካሚ ቃሉ እንዳለ ይነበብለታል፣ ማብራሪያ አይጨመርበትም። ውሃ በጠፋ ቁጥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው «ከባድ ዕቃ» ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

«በቀጠሮ ቀን መሙላት ይበቃል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለናል። ከ6ኛው ጥያቄ ጀምሮ የሚጠየቀው ስላለፈው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ለሊምፎማ የሚሰጠው ቾፕ የተባለው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቶች ጥምር) ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይደገማል። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ጉልበት የሰጠ ያስመስላል፤ ሲቋረጥ ሰውነት ይዝላል፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ወደ ታች ይወርዳል። ታካሚው በ21ኛው ቀን ሲመጣ የሚያስታውሰው ያገገመበትን ሳምንት ነው። ክፉው ሳምንት ወረቀቱ ላይ አይገባም።

ስለዚህ አንዱን ቅጽ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት፣ ሌላውን በ10ኛው ቀን አካባቢ ቤት ውስጥ ይሙሉ። ከላይ ቀኑንና ስንተኛው ዙር እንደሆነ ይጻፉ። የሚነጻጸረው 10ኛ ቀን ከ10ኛ ቀን ጋር ነው። የደም ውጤት ከተነገረ በኋላ አይሞላ፤ ደስታውም ድንጋጤውም መልሱን ያዛባል። (38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ግን መጠይቅ አይጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው።)

«ነጥቡ ከፍ ካለ ጥሩ ነው»

እንደ ጥያቄው ነው። መልሶቹ ከ1 (ምንም) እስከ 4 (እጅግ በጣም) ይሄዳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ከ1 እስከ 7። ሁሉም ወደ 0–100 ይቀየራሉ። በአቅም መለኪያዎች 100 ጥሩ ነው፤ በሕመም ምልክቶች 100 ክፉ ነው። ድካምን የሚጠይቁት ሦስቱ 3፣ 4 እና 2 ቢመለሱ አማካዩ 3 ነው፤ 1 ቀንሰው ለ3 አካፍለው በ100 ሲያባዙ 67 ገደማ ይሆናል። የ10 ነጥብ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ራሱ የሚሰማው ለውጥ ነው። 30ውንም ቁጥር ዝም ብሎ መደመር ግን ምንም አይነግርም።

«ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ ድካሙ ይለቃል»

ደም ማነስ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። ኬሞው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኢንፌክሽንና ድብርትም ያደክማሉ። ኢማቲኒብ በየቀኑ የሚወስድ የሉኬሚያ ታካሚ ደሙ ጸድቶም የጡንቻ መሸማቀቅና የዓይን ዙሪያ ማበጥ ሊኖረው ይችላል። በመጠይቁ ላይ «ትንሽ» (2) ተብሎ የሚመለስ ሕመም ለዓመታት ከዘለቀ ትንሽ አይደለም።

«ልጁ ቢሞላለትም ያው ነው»

አይደለም። አባት ልጁ ፊት ስለ ሕመሙ፣ ይልቁንም ስለ ጭንቀቱ፣ ይደብቃል። አንባቢ ካስፈለገ ሌላ ሰው ያንብብ። ግድ ሆኖ ቤተሰብ ከሞላ ማን እንደሞላው ይጻፍ።

«ገንዘብ የሕክምና ጉዳይ አይደለም»

28ኛው ጥያቄ ሕመሙ ወይም ሕክምናው የገንዘብ ችግር አስከትሎ እንደሆነ ይጠይቃል። የመጠይቁ ማጠቃለያ ነጥብ ሲሰላ ይህ ጥያቄ አይገባበትም፤ ስለዚህ ለብቻው መታየት አለበት። መልሱ 3 ወይም 4 ከሆነ ከመጠይቁ ውጭ ወዲያው መጠየቅ ያለበት በትራንስፖርት ወይም በመድኃኒት ዋጋ ምክንያት ስንት ቀጠሮና ስንት ቀን መድኃኒት እንደተዘለለ ነው።