«ቴክ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉሞችና አገባብ

«ቴክ» በእንግሊዝኛ አዘውትረው ከሚነገሩትና ብዙ ትርጉም ከተሸከሙት ግሶች አንዱ ነው። መዝገበ ቃላት በቅድሚያ «ወሰደ»፣ «ያዘ»፣ «ተቀበለ» እያለ ይፈታዋል፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ግሱ ከእነዚህ ፍቺዎች ርቆ ይሄዳል። ኃላፊ ጊዜው «ቱክ» ሲሆን፣ ከ«ሃቭ» ጋር ሲቀናጅና በተደራጊ ዐረፍተ ነገር ሲገባ «ቴክን» ይሆናል።

ግሱ የእንግሊዝኛ ቤተኛ አልነበረም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ታካ» የሚለውን ግሳቸውን ይዘው መጡ። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለዚሁ ሐሳብ «ኒማን» የሚል የራሱ ግስ ነበረው፤ የጀርመንኛው «ኔመን» የእርሱ ዘመድ ነው። እንግዳው ቃል በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢ በጽሑፍ ብቅ ካለ በኋላ በመካከለኛው ዘመን ነባሩን ቀስ በቀስ አስለቀቀው። ከነባሩ ግስ ከተረፉት ጥቂት ቃላት አንዱ «ነም» ሲሆን፣ ዛሬ «የደነዘዘ» ማለት ይሁን እንጂ ጥንተ ትርጉሙ «የተወሰደ» ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ የሚል አማርኛ ተናጋሪ የዚህን ዘይቤ ምንጭ ለመረዳት አይቸገርም።

የ«ቴክ» ትርጉም በአብዛኛው የሚወሰነው በሚከተለው ስም ነው። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ለኪኒንም ለሽሮፕም «ቴክ» ይላል፤ በአማርኛ ግን ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕና ኮሶ ይጠጣሉ። እንዲሁም ፎቶ ይነሣል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ምክር ይሰማል፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም «ቴክ»ን ይጠቀማል። ስለዚህ ግሱን ለብቻው ከማጥናት ይልቅ ከነስሙ መያዝ ይበጃል።

በአንዳንድ አገባቦች ደግሞ ግሱ የራሱን ትርጉም ከሞላ ጎደል አራግፎ ድርጊቱን ለስሙ ይተውለታል። «ቴክ ኤ ሉክ»፣ «ቴክ ኤ ሬስት»፣ «ቴክ ኤ ሲት»፣ «ቴክ ኤ ሲፕ» በሚባልበት ጊዜ የሚወሰድ ነገር የለም፤ ያለው ማየት፣ ማረፍ፣ መቀመጥና መጠጣት ነው። ይህ አገባብ ለተማሪዎች እንግዳ ሆኖ ሲቀርብ ይታያል፤ ነገር ግን አማርኛ በ«አለ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መልከት አለ፣ አረፍ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ፉት አለ ስንል «አለ» ተናገረ ማለት አይደለም። መመሳሰሉ ከዚህም ይጠልቃል፦ «አረፍ አለ» ከ«ዐረፈ» የሚለየው ድርጊቱን አጭርና ቀለል ያለ በማድረጉ ሲሆን፣ «ቴክ ኤ ሬስት» ከተራው «ሬስት» ሲነጻጸር የሚሰጠው ስሜትም ለዚህ ቅርብ ነው። ለ«ቴክ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ የተሻለው አቻ «ወሰደ» ሳይሆን «አለ» ነው የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በትምህርት፣ በቢሮና በመገናኛ ብዙኃን በኩል የ«ቴክ» ጥላ በአማርኛው ላይ አርፏል፤ ፈተና መውሰድ፣ ሥልጠና መውሰድ፣ እርምጃ መውሰድ ዛሬ የተለመዱ ናቸው። «እርምጃ ወሰደ» ሥር ሰድዷል፣ ጠቃሚም ነው፤ «ሻወር ወሰደ» እና «እረፍት ወሰደ» ግን «ታጠበ»ንና «አረፍ አለ»ን ያለ በቂ ምክንያት እየገፉ ነው።

ጊዜን በተመለከተ «ኢት ቱክ ሚ ቱ አወርስ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ «ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» ይሆናል። እንግሊዝኛው ሰውየውን በተራ ተሳቢ ሲያመለክት፣ አማርኛው «ብኝ» በሚለው ቅጥያ ጊዜው ከተናጋሪው ላይ መጉደሉን ጭምር ያሳያል።

ግሱ ከአጫጭር ቃላት ጋር ሲጣመር ፍቺው እንደገና ይበዛል። «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅ ነው፣ አውሮፕላን መነሣትም ነው። «ቴክ ኢን» ለልብስ ሰፊ ቀሚስ ማጥበብ፣ ለአስተናጋጅ ቤተሰብ እንግዳን ማስጠጋት ሲሆን፣ በተደራጊ መልኩ ደግሞ መታለል ማለት ነው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ቦታው በሁለቱ ቃላት መካከል ነው፤ ጫማን «ቴክ ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ቴክ ኦፍ ኢት» አይባልም።