አሬራ ምንድን ነው? አጓትስ ለምን አይደለም?

ሰሞኑን ከክሬም ቅቤ ማውጣት የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ክሬሙ በሚክሰር ተመታ፣ ቅቤው ለየ፣ በእጅ ተጨመቀ። ከዚያ "አጓቱን እንደፋዋለን" ተባለና ግማሽ ሊትር የሚሆን አሬራ ወደ ማጠቢያው ገባ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዕድሜዬን በወተት ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና አንጀቴ አረረ።

ቅቤ ተንጦ ሲወጣ የሚቀረው ፈሳሽ አሬራ ነው። አጓት የሚገኘው አሬራው ሞቆ አይቡ ከወጣለት በኋላ ነው። ጀበናን አስቡ። ቅቤው አቦል፣ አይቡ ቶና፣ አጓቱ በረካ ነው። አሬራን አጓት ብሎ መድፋት፣ አቦል ቀድቶ ጀበናውን እንደማጠብ ነው።

በዓይንም ይለያሉ። ስንንጥ የቅባት ጠብታዎቹን የሸፈነው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። ቅባቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ቅቤ ይሆናል። አይብ የሚሆነው ፕሮቲን ግን አሬራው ውስጥ ይቀራል። ነጭ የሚያደርገውም እሱ ነው። አጓት ይህ ፕሮቲን ስለወጣለት ውሃ ይመስላል፣ ቢጫና አረንጓዴም ይቀላቅላል።

አንድ ሰው ይህን ስነግረው "እኔ አሞቅሁት፤ አይብ አልወጣውም። ስለዚህ አጓት ነው" ብሎ ተከራከረኝ። ያየው ልክ ነው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። እናቶቻችን የሚንጡት እርጎ ነው። ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ለቀናት ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ከዚያ በገንቦ ወይም በቅል ይናጣል። ያ አሬራ ኮምጣጣ ስለሆነ ለስለስ ያለ እሳት ይበቃዋል። ከፍሪጅ የወጣ ክሬም ግን አልኮመጠጠም። ፕሮቲኑ ለመያያዝ አልተዘጋጀም። ቡናው ሳይቆላ ጀበናው ቢንተከተክ ምን ይወጣል? መቁላቱ እዚህ መኮምጠጡ ነው። አሬራው ላይ ሁለት ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት፣ ወይም ሎሚ ጨምቁበት፤ ከዚያ አሙቁት። አይቡ ይወጣል። ቶና ላይ ውሃ ይጨመራል፣ አሬራ ላይ ግን ጠብታ አያስፈልግም፤ ምሳሌዬን እስከዚያ ድረስ አትውሰዱት።

ብዙ አይብ ግን አትጠብቁ። 35 በመቶ ቅባት ያለው 1 ሊትር ክሬም 400 ግራም ገደማ ቅቤ ይሰጣል። ከአሬራው የሚወጣው አይብ ጥቂት ማንኪያ ነው። ካነሰባችሁ አሬራውን ጠጡት ወይም ሊጥ አቡኩበት።

አሜሪካ ላላችሁ፦ በሱቅ "በተርሚልክ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከቅቤ የቀረ አይደለም። ቅባቱ ተቀንሶ በእርሾ የረጋ ወተት ነው። ለአይብ ጥሩ ይሆናል፣ ብዙ ሐበሻ ቤትም የሚሠራው በእሱ ነው። የእናንተ ያልኮመጠጠ አሬራ እንደ እሱ ስላልረጋ አጓት ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ክሬሙ ካልፈላ ወተት የተገፈፈ ከሆነ መጀመሪያ አፍሉትና አቀዝቅዙት። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታም የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። መኮምጠጡ ይገድላቸዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ወደ ቅቤውም፣ ወደ አሬራውም ይሄዳሉ።

ክሬሙን ስትንጡ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከሞቀ ቅቤው ይዝለፈለፋል፣ ቅባቱም ከአሬራው ጋር ይሄዳል። ቅቤውን ውሃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ እጠቡት። ውስጡ የቀረ አሬራ ቶሎ ያበላሸዋል። እጣቢውን ግን ወደ አሬራው አትመልሱት፣ ያቀጥነዋል።