ሲልከን ደረቀ የሚባለው መቼ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሻወር ጥግ፣ በሲንክ ዳር ወይም በመስኮት ጠርዝ ሲልከን (ከቱቦ የሚወጣው ክፍተት መድፈኛ) ያልገባበት የከተማ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ሁሉም ይደፍረዋል። ወር ሳይሞላው ውሃ ማሳለፍ ሲጀምር ግን «ሲልከኑ ጥራት የለውም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የችኮላ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሣ።

«ሙቀት ካገኘ ቶሎ ይደርቃል»

ሌሎቹ ስህተቶች የሚወለዱት ከዚህ ነው። የውሃ ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ነው። ሲልከን ግን ለመጠንከር እርጥበት ይፈልጋል። ከአየር ላይ እርጥበት ይወስድና በኬሚካላዊ ለውጥ ወደ ላስቲክነት ይቀየራል። መጠነኛ ሙቀት ይረዳዋል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ሙቀቱ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የፀጉር ማድረቂያ ደቅኖ መቆም ደግሞ የሚፈልገውን እርጥበት ማባረር ነው።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ የተሠራ ሥራ ሊዘገይ የሚችለው። ፀሐዩ ደማቅ ቢሆንም አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ብርዳም ነው። ላዩ ከያዘ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ማስቀመጥ ከማድረቂያው ይሻላል።

«በጣቴ ስነካው አይጣበቅም፤ አለቀ»

በጣትዎ የነኩት የፈላ ወተት ላይ እንደሚሠራው ያለ ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሲልከኖች ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቆዳ ይሠራሉ። ከሥሩ ያለው ግን ገና ለስላሳ ነው። እርጥበቱ ቆዳውን አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ እያለ ነው። በተለመደው የአየር ሁኔታ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠነክረው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲልከን ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሻወር ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይከፈት። አንድ መታጠቢያ ብቻ ባለበት ቤት ይሄ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ቢሆንም ቤተሰቡ ለአንድ ቀን በሳፋ ቢታጠብ ይሻላል፤ አለዚያ ሥራውን እንደገና መጀመር ይመጣል።

«ብዙ ከጠቀጠቅኩበት አያፈስም»

ጥልቅ ክፍተት ውስጥ የተጠቀጠቀ ሲልከን መሐሉ ሳይጠነክር ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከታች በስፖንጅ ገመድ ይሞላና ሲልከኑ ከላይ ብቻ ይግባ። የጥልቀቱ መጠን ከክፍተቱ ስፋት ግማሽ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

«በአሮጌው ላይ ብደርብበትስ?»

አይያዝም። አዲስ ሲልከን በአሮጌ ሲልከን ላይ አጥብቆ አይለጠፍም። ቀለምም እንደዚያው፣ ተራ ሲልከን ላይ ቢቀቡት ይላጣል። አሮጌውን በምላጭ ፍቆ ማውጣት፣ ቦታውን በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ግድ ነው። አየሩ እርጥበት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ የሚለጠፍበት ሴራሚክ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ሁለቱን አለማምታታት ነው።

«አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። አንዱ የሲልከን ዓይነት ሲጠነክር የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ አቼቶም የሚሸተው በዚሁ አሲድ ነው። ሽታው ገና ካለ ሲልከኑ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። መስኮት ይከፈት፣ ትንፋሽ እንዳያስቸግር።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ይሄ አሲድ እብነ በረድን፣ መዳብን፣ የመስታወት ጀርባንና ሲሚንቶን ይጎዳል ወይም በላያቸው በደንብ አይይዝም። ለእነዚህ ሱቅ ሲገቡ ይህን አሲድ የማይለቀውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ሲልከን ይጠይቁ። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም የተበላ እብነ በረድ ከማየት ይሻላል።

«ቱቦው እስካልተከፈተ አይበላሽም»

ይበላሻል። ጊዜው ያለፈበት ሲልከን ሳምንት ቢጠብቁትም ላይጠነክር ይችላል፤ ያን የሚያጣብቅ ነገር ከሴራሚክ ላይ ማጽዳት ደግሞ መከራ ነው። ቀኑ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ አስልተው ያንብቡት። ከተጠራጠሩ ማታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር በፕላስቲክ ላይ ያውጡና ያሳድሩት። ጠዋትም አሁንም እንደ ማስቲሽ የሚያጣብቅ ከሆነ ቱቦውን ይዘው ወደ ሱቁ ይመለሱ።